የአቋራጭ ቁልፎችና የአማርኛ ጸሐፊ፦ በግራፊክ ገጽታ መሥሪያዎች ውስጥ «ማን ይቅደም?» የሚለው ጥያቄ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ፤ ለንባብ እንዲመች በመጠኑ የታረመ)



የዛሬው ርእስ ትንሽ ነው። በግራፊክ ገጽታ መሥሪያ ቱልኪቶች ውስጥ ለዊጀቶች አቋራጭ ቁልፍ እንዴት እንደሚሰጥ፣ የተሰጠውም እንዴት እንደሚለወጥ እናያለን። ዊጀት ስል በመስኮት ላይ የምታዩትን የጽሑፍ ሳጥን፣ አዝራር፣ ምናሌና ዝርዝር ማለቴ ነው፤ ቱልኪት ደግሞ እነዚህን አዘጋጅቶ የሚያቀርብልን፣ እንደ ጂቲኬ፣ ኪዩትና ቲኬ ያለ የፕሮግራም መሣሪያ ስብስብ ነው። የአራተኛ ዓመት ተማሪዎች ይህን በላቦራቶሪ በአንድ ከሰዓት በኋላ ጨርሳችሁታል። አንድ የትእዛዝ ስም፣ አንድ የቁልፍ ጥምረት፣ አንድ የሚጠራ ተግባር፤ አለቀ። እኔ ግን አላለቀም ባይ ነኝ፤ አለማለቁም ተጠቃሚው በአማርኛ መጻፍ በጀመረበት ቅጽበት ይታያል።

የምኖረው ሳሪስ ነው። ከዋናው የደብረ ዘይት መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ስትሉ «ጽሕፈት፣ ኮፒ፣ ላሚኔሽን» የሚል ሰሌዳ የሰቀሉ ትናንሽ ቤቶች ታገኛላችሁ። የቤት ኪራይ ውል፣ የሥራ ማመልከቻ፣ ለፍርድ ቤት የሚቀርብ አቤቱታ፣ የዕድር መተዳደሪያ ደንብ የሚጻፈው እዚያ ነው፤ ሒሳቡም በገጽ ነው። ስለዚህ ለጸሐፊዋ ፍጥነት እንጀራ ነው፤ እጇን ከቁልፍ ሰሌዳው አንሥታ ማውስ ፍለጋ መሄድ አትወድም። ከእነዚህ ቤቶች በአንዱ የደንበኞችን መዝገብ የሚይዝ አነስተኛ ፕሮግራም አለ። ኮምፒውተሩ ሊኑክስ የተጫነበት ሲሆን፣ ፕሮግራሙን በፓይተንና በጂቲኬ 3 የጻፈው በቅርብ የተመረቀ ወጣት ነው። ኮዱን አይቼዋለሁ፤ ንጹሕ ሥራ ነው፤ ተማሪዬ ቢሆን ጥሩ ነጥብ እሰጠው ነበር። ጸሐፊዋ ግን «ጋሼ፣ ይሄ ማሽን የአባት ስም ይበላል» አለችኝ።

መዝገቡን ከፍታ አሳየችኝ። «ከበደ ዳዊት» ተብሎ የተጻፈው «ከበደ ዳዊ» ሆኖ ተቀምጧል። «አስቴር ሰሎሞን» «አስቴር ሰሎሞ» ሆናለች። «ዳዊት ከበደ» ግን ምንም አልሆነም፤ «ጫልቱ አበራ»ም እንዲሁ። የራሱ የሰውየው ስም በምንም ፊደል ቢያልቅ አይነካም፤ የአባት ስም ይጎድላል፣ እሱም አንዳንዴ ብቻ። እሷ ይህን የማሽኑ አመል አድርጋ ይዛዋለች። በአመል የሚመጣ ነገር በኮምፒውተር ውስጥ እምብዛም የለምና ዝርዝሩን ወስጄ ተመለከትሁት። የጎደሉት ስሞች በሙሉ በሳድስ የሚያልቁ ናቸው። በግዕዝ፣ በካዕብ፣ በራብዕ የሚያልቁት ሁሉ ደኅና ናቸው።

በፎነቲክ የግቤት ስልት የሚጽፍ ሰው ነገሩን ወዲያው ይረዳዋል። «ት»ን ለመጻፍ የቲን ቁልፍ ትመታላችሁ። የግቤት ስልቱ ግን ገና አልወሰነም፤ ቀጥሎ አናባቢ ቢመጣ ፊደሉ ተ፣ ቱ፣ ቲ፣ ታ፣ ቴ ወይም ቶ ይሆናል። ስለዚህ «ት»ን ከሥሩ አስምሮበት በማያው ላይ ያሳያል እንጂ ለጽሑፍ ሳጥኑ አያስረክበውም። ጸሐፊዋ ታየዋለች፤ ሳጥኑ ግን የለውም። ባዶ ቦታ ሲመታ፣ ነጥብ ሲመታ፣ ሌላ ተነባቢ ሲመጣ የሚጠብቀው ፊደል ይረከባል። የራስ ስም የማይነካው ከኋላው ባዶ ቦታ ስለሚከተል ነው። የአባት ስም ግን የሳጥኑ መጨረሻ ነው፤ ከእሱ በኋላ የሚመጣው ኮንትሮል ኤስ፣ ማለትም «አስቀምጥ» ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። የፊደል ገበታችን 33 ተነባቢዎችን በሰባት መልክ፣ ማለት 231 ፊደላትን፣ ከነዲቃሎቹ ደግሞ ከዚያ በላይ ይይዛል። ዩኒኮድ በ1999 እ.ኤ.አ. በ3.0 እትሙ የኢትዮጵያን ፊደል ሲቀበል 345 ቦታ ሞልቶልናል። ይህን ሁሉ ፊደል ጥቂት ደርዘን ቁልፎች ባሉት ሰሌዳ ለመጻፍ አንድ ፊደል ከአንድ በላይ ምት ማስፈለጉ ግድ ነው፤ ኢንጂነር አያና ብሩ የላቲኑን የጽሕፈት መኪና ለአማርኛ ሊያስማሙ ሲታገሉ የተጋፈጡት ይህንኑ ጥበት ነበር። ከሰባቱ መልኮች መካከል ተንጠልጥሎ የሚቆየው በዋነኛነት ሳድሱ ነው። አማርኛ ደግሞ ቃልን በሳድስ መዝጋት ይወዳል፤ ቤት፣ ስም፣ ቀን፣ አገር፣ ሰላም። በቃል መጨረሻ የምንጨምራቸው ን፣ ም፣ ች፣ ት ሁሉ ሳድሳን ናቸው። እንግዲህ ጸሐፊው ቃሉን ጨርሶ ትእዛዝ በሚሰጥበት ቅጽበት፣ የመጨረሻው ፊደል ገና በአየር ላይ የመሆኑ ዕድል በእኛ ቋንቋ ከፍተኛ ነው። እንግሊዝኛ ይህ ችግር የለበትም፤ የአቋራጭ ቁልፍን ሥርዓት የነደፉት ሰዎች ሊያስቡት የሚችሉበት ምክንያትም አልነበራቸውም። ኮሪያውያን ግን ያውቁታል፤ የሃንጉል የመጨረሻ ክፍለ ቃል ሲጠፋ ወይም ቦታውን ስቶ ሲገኝ በየፕሮግራሙ ላይ ሲያመለክቱ ኖረዋል።

ታዲያ ኮንትሮል ኤስ ሲመታ የግቤት ስልቱ ለምን «ት»ን አላስረከበም? ስላልሰማ ነው። የነገሩ ሥር ያለው እዚህ ነው። አንድ ቁልፍ ሲመታ ሊሰሙት የሚፈልጉ ብዙ ናቸው፤ መስኮቱ፣ ትኩረት ያረፈበት ዊጀት፣ በዊጀቱ በኩል ደግሞ የግቤት ስልቱ። ማን ቀድሞ ይሰማል የሚለውን የሚወስነው ቱልኪቱ ነው፤ ሦስቱ ቱልኪቶችም በዚህ አይስማሙም።

በጂቲኬ 3 የሚቀድመው መስኮቱ ነው። የተመዘገቡ አቋራጮችን ያያል፤ ኮንትሮል ኤስ ከመካከላቸው ካለ ትእዛዙን ያስፈጽምና ነገሩን ይዘጋዋል። የጽሑፍ ሳጥኑ ምንም አይሰማም፤ የግቤት ስልቱም አይሰማም። ተግባሩ የሳጥኑን ጽሑፍ ያነባል፣ «ከበደ ዳዊ» ያገኛል፣ ያስቀምጣል። ሁሉም በሕጉ መሠረት ነው የሠራው።

የጌዲት የጽሑፍ አርታዒ ገንቢዎች ከዚሁ ሕግ ጋር በሌላ ምክንያት ተጣልተዋል። በጎን ባለ ትንሽ ሳጥን ውስጥ ሆኖ ኮንትሮል ቪ የሚመታ ሰው፣ የለጠፈው ጽሑፍ በሳጥኑ ሳይሆን በዋናው ሰነድ ላይ ያርፍበት ነበር፤ መስኮቱ ቀድሞ ሰምቶ ለሰነዱ ስለሚያስፈጽም። ስለዚህ የመስኮቱን ቁልፍ ተቀባይ በራሳቸው ተክተው ቅደም ተከተሉን ገለበጡት፤ መጀመሪያ ትኩረት ያለው ዊጀት ይስማ፣ እሱ ካልፈለገው ወደ አቋራጮቹ ይሂድ። ጥቂት መስመር ኮድ ነው። የሳሪሱንም መዝገብ የሚያድነው ይኸው ነው፤ ዊጀቱ ቀድሞ ሲሰማ የግቤት ስልቱ ኮንትሮል ኤስን ያያል፣ የእኔ ፊደል አይደለም ይላል፣ የያዘውን «ት» ያስረክባል፣ ቁልፉንም ይለቃል፤ ከዚያ በኋላ «አስቀምጥ» ይፈጸማል። በጂቲኬ 4 ይህ ምርጫ ግልጽ ሆኖ ወጥቷል፤ የአቋራጭ ተቆጣጣሪው ቁልፉን ወደ ታች ሲወርድ ይያዘው ወይስ ከዊጀቱ ሲመለስ የሚለውን ፕሮግራመሩ ራሱ ይወስናል። አቋራጩ እንዲሠራ ብቻ ብላችሁ ሲወርድ እንዲይዘው ካደረጋችሁ ያው የሳሪሱ ችግር ይመለሳል። በኪዩት ደግሞ የግቤት ስልቱን «የያዝኸውን አስረክብ» ብሎ ማዘዝ የሚቻልበት ተግባር አለ፤ ከማስቀመጥ በፊት እሱን መጥራት ልማድ ቢሆን መልካም ነው።

ቲኬ በተቃራኒው ከጥንት ጀምሮ ዊጀትን ያስቀድማል። ጆን ኦስተርሃውት በበርክሌይ የነደፉት ይህ ቱልኪት ከፓይተን ጋር አብሮ ስለሚመጣ ብዙዎቻችሁ የምታውቁት እሱን ነው። በእሱ ውስጥ እያንዳንዱ ዊጀት የሰሚዎች ተራ አለው፤ መጀመሪያ ዊጀቱ ራሱ፣ ቀጥሎ የዊጀቱ ዓይነት፣ ከዚያ መስኮቱ፣ በመጨረሻ ሁሉም። እኔ ይህን ሥርዓት ከሦስቱ አብልጬ እወደዋለሁ፤ ተራው በግልጽ ተጽፎ የሚነበብና የሚለወጥ ነውና። ዋጋ ግን ያስከፍላል። በየዓመቱ ቢያንስ አንድ ቡድን «ፋይል በከፈትን ቁጥር ባዶ መስመር ይጨመራል» ብሎ ወደ ቢሮዬ ይመጣል። ኮንትሮል ኦን በመስኮቱ ላይ አስረዋል፤ የቲኬ የጽሑፍ ዊጀት ደግሞ ከኢማክስ በወረሰው ልማድ ኮንትሮል ኦ ሲመታ አዲስ መስመር ይከፍታል። ዊጀቱ ቀድሞ መስመሩን ይጨምራል፣ መስኮቱ ቀጥሎ ፋይሉን ይከፍታል። መፍትሔው አቋራጩን በዊጀቱ ላይ ማሰርና «እዚህ ይብቃ» የሚለውን ምላሽ መመለስ ነው። በመስኮቱ ላይ ብትመልሱት ዊጀቱ አልፏል፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል።

እስካሁን የተናገርሁት ስለ ተራ ነው። ሌላው ነገር አቋራጩ የሚታሰረው በምን ላይ ነው የሚለው ነው፤ በቁልፉ ወይስ ቁልፉ በሚሰጠው ፊደል? ኮንትሮል ሲ ስንል «ሲ የተጻፈበት ቁልፍ» ማለታችን ነው ወይስ «ሲ የተባለው ፊደል»? በእንግሊዝኛ አቀማመጥ ሁለቱ አንድ ስለሆኑ ጥያቄው አይነሣም። አቀማመጡ ወደ አማርኛ ተለውጦ ያ ቁልፍ «ቸ» የሚሰጥ ከሆነ ግን ኮንትሮል ሲ የሚባል ነገር የለም፤ ኮንትሮል ቸ ነው የተመታው። ጂቲኬ በዚህ ጊዜ ያው ቁልፍ በሌላ በተጫነ አቀማመጥ ምን እንደሚል ይጠይቃል፤ ኪዩትም በሊኑክስ ላይ የላቲን አቀማመጥ ፈልጎ ይሞክራል። ከአማርኛው ጎን የእንግሊዝኛው እንዳለ መተው የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ቲኬ ግን አይጠይቅም፤ ፊደሉ ካልገጠመ አልገጠመም። ይህን ችግር በብዛት ያነሡት በሲሪሊክ የሚጽፉ ሩስያውያን ሲሆኑ፣ ከፊደሉ ይልቅ የቁልፉን ቁጥር መመርመር የተለመደ መውጫቸው ሆኗል። ዊንዶውስ ላይ የሲ ቁልፍ ቁጥር 67 ነው፤ አቀማመጡ ሩስያኛ ቢሆንም አይለወጥም።

የቲኬ ፊደልን የሙጥኝ ማለት ምን ያህል እንደሆነ የምታውቁት በካፕስ ሎክ ነው። ካፕስ ሎክ ሲበራ ትንሹ ሲ ትልቁ ሲ ስለሚሆን ኮንትሮል ሲ ይጠፋ ነበር። ገንቢዎቹ ያደረጉት ለ«ቅዳ» ትእዛዝ ካፕስ ሎክ የበራበትን ጥምረት እንደ ሁለተኛ አቋራጭ መመዝገብ ነው። በዚሁ በር እኛም መግባት እንችላለን። በቲኬ «ቅዳ»፣ «ቁረጥ»፣ «ለጥፍ» የየራሳቸው ስም ያላቸው ምናባዊ ክስተቶች ናቸው፤ ለእያንዳንዱ ስም የፈለጋችሁትን ያህል ጥምረት መጨመር ትችላላችሁ፣ የአማርኛውን አቀማመጥ ፊደል ጨምሮ። ዊጀቱን መንካት አያስፈልግም።

በምናሌ ላይ ከሥሩ የተሠመረበትን ፊደል ከአልት ጋር መምታት ደግሞ የከፋ ነው። «ፋይል» የሚለው ቃል «ፋ» ላይ ቢሠመርበት ተጠቃሚው ምን ይምታ? አልትና ፋን በአንድ ምት መምታት አይቻልም፤ ፋ ሁለት ምት ነው። በቻይንኛ፣ በጃፓንኛና በኮሪያኛ ትርጉሞች ቃሉን በራሳቸው ፊደል ጽፈው የላቲኑን ፊደል በቅንፍ ያስከትላሉ። ይሠራል፤ ነገር ግን ምናሌውን የሚያነብ ሰው ሁለት ፊደል እንዲያነብ ያስገድዳል። የእኔ ሐሳብ መሥመሩ በፋ ላይ ይሁን፣ አቋራጩ ግን ለተነባቢው ቁልፍ፣ ማለት ለፍ ይሰጥ የሚል ነው። ሰባቱ ወንድማማቾች በአንድ ቁልፍ ይታዘዙ። ሞክሼ ፊደላትም እንዲሁ፤ ሰና ሠ፣ ሀ፣ ሐና ኀ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ። እኔ በጽሑፍ ሠና ሰ እንዲቀላቀሉ ከማይፈቅዱት ወገን ነኝ፤ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ ሳርም ብዙ ቀይ ቀለም ያፈሰስሁት በዚህ ላይ ነው። ትእዛዝ ግን ጽሑፍ አይደለም። «ሠንጠረዥ» የሚለውን ምናሌ ለመክፈት ተጠቃሚው የሥርወ ቃል ፈተና ማለፍ የለበትም።

አሁን ወደ ማስተካከል ልለፍ፤ አቋራጩን የሚለውጠው ማን ነው? በጂቲኬ 2 ዘመን፣ ማለትም ከ2002 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ አንድ አስገራሚ ነገር ነበር። ቅንብሩ ከተፈቀደ ተጠቃሚው የማውሱን ቀስት በምናሌው ትእዛዝ ላይ አሳርፎ የሚወደውን ጥምረት ሲመታ አቋራጩ እዚያው ይለወጥለት ነበር። በተጨማሪ በአንድ የቅንብር ፋይል ውስጥ ለአንድ የዊጀት ዓይነት የሚሆን የቁልፍ ስብስብ ጽፎ፣ በኮምፒውተሩ ላሉት የጂቲኬ ፕሮግራሞች ሁሉ በአንድ ጊዜ ማዳረስ ይቻል ነበር። በ2011 የወጣው ጂቲኬ 3 ይህን ወደ ሲኤስኤስ ፋይል አዛወረው። በታኅሣሥ 2020 እ.ኤ.አ. የወጣው ጂቲኬ 4 ሙሉ በሙሉ አነሣው። የገንቢዎቹን ሐሳብ እረዳለሁ፤ ተጠቃሚው ጥቂት ነው፣ ግጭቱ ብዙ ነው፣ ኮዱም አሮጌ ነው። ይሁን እንጂ ሥልጣኑ ከተጠቃሚው ወደ ፕሮግራመሩ ተዛወረ፤ ፕሮግራመሩ ካላሰበበት ተጠቃሚው የሚያደርገው የለም።

በዚያው እትም ሌላም ነገር ወጥቷል። ጂቲኬ 2 እና 3 ከራሳቸው ጋር ይዘውት የሚመጡት አንድ የአማርኛ የግቤት ስልት፣ ሁለት ደግሞ የትግርኛ፣ አንዱ ለኢትዮጵያ ሌላው ለኤርትራ የተዘጋጁ ነበሩ። የጽሑፍ ሳጥኑን በቀኝ አዝራር ጠቅ አድርጎ መምረጥ ይቻል ነበር። ጂቲኬ 4 እነዚህን ከሌሎች መሰሎቻቸው ጋር አስወገደ፤ ሥራው እንደ አይባስ ላሉ ከቱልኪቱ ውጭ ለሆኑ ሥርዓቶች ተተወ። በአሠራር ረገድ ትክክል ነው፤ አይባስ የተሻለ ነው። የሆነው ግን ይህ ነው፦ የግቤት ስልቱ ከዊጀቱ ራቅ ብሎ ሄደ፣ «ማን ይቅደም» የሚለው ጥያቄም ይበልጥ ስስ ሆነ፣ በዚያው ጊዜ አቋራጩን የማስተካከል መብት ከጸሐፊዋ እጅ ወጣ።

የኬዲኢ ሰዎች በዚህ ረገድ ሊመሰገኑ ይገባል። ከኪዩት ላይ በሠሯቸው ፕሮግራሞች ውስጥ አቋራጮችን የሚያዋቅር አንድ ዓይነት መስኮት ታገኛላችሁ፤ ትእዛዛቱ በስማቸው ተዘርዝረዋል፣ ከፊታቸው ጥምረቱ አለ፣ የተያዘ ጥምረት ብትመርጡ የማን እንደሆነ ይነግራችኋል። ይህን ለመሥራት የሚያስፈልገው ጥበብ ትልቅ አይደለም። ትእዛዛቱ ስም ይኑራቸው፤ ጥምረቶቹ በኮዱ ውስጥ ተበታትነው ሳይሆን በአንድ ሰንጠረዥ ይቀመጡ፤ ሰንጠረዡ ከፋይል ይነበብ። ግጭትን አስቀድሞ መያዝ ከዚያ በኋላ ቀላል ነው።

ለሳሪሷ ጸሐፊ ሰንጠረዡን ወደ ፋይል አውጥተን ምርጫውን ስንሰጣት የመረጠችው ኮንትሮል ያለበትን ጥምረት አልነበረም። የላይኛውን ረድፍ፣ ኤፍ 2ንና ኤፍ 4ን መረጠች። ምክንያቷን ስጠይቃት «እነሱ ቋንቋ የላቸውም» አለችኝ። ልክ ናት፤ በአማርኛም በእንግሊዝኛም አቀማመጥ ኤፍ 2 ኤፍ 2 ነው። በብሩሽና በእርሳስ ምስል የምትሠሩ ተማሪዎች ይህን ልብ በሉ፤ ያለ ኮንትሮል በአንድ ፊደል ብቻ የሚታዘዙ መሣሪያዎች የአማርኛ ግቤት በበራ ጊዜ ዝም ይላሉ፣ ፊደሉን የግቤት ስልቱ ወስዶታልና። ኤፍ 2ም ቢሆን መስኮቱ ቀድሞ ከሰማው «ት»ን ያስቀራል፤ ስለዚህ ቅደም ተከተሉንም አብረን ገልብጠናል።

በኪማን የምትጽፉ ሰዎች ይህን ሁሉ ሰምታችሁ «እኛን አይመለከተንም» ትሉ ይሆናል። በከፊል እውነት ነው። የዚያ ስልት ልማድ «ት»ን ወዲያው በሳጥኑ ውስጥ ማስቀመጥና አናባቢ ሲመጣ አጥፍቶ «ታ»ን መተካት ስለሆነ ፊደል በአየር ላይ አይቀርም። ነገር ግን ኮንትሮል ዜድ መትታችሁ ስትቀለብሱ ምን እንደሚመለስ እዩ፤ ፕሮግራማችሁ እያንዳንዱን መጻፍና ማጥፋት ለየብቻ የሚመዘግብ ከሆነ አንድ ፊደል ለመቀልበስ ሁለት ሦስት ጊዜ መምታት ይኖርባችኋል፣ በመካከሉም ያልጻፋችሁት ሳድስ ብቅ ይላል።

በዚህ ሴሚስተር የመመረቂያ ፕሮጀክት የምታስረክቡ ተማሪዎች፣ የጽሑፍ ሳጥን ያለው ማንኛውም ሥራ ወደ እኔ ሲመጣ የምሞክረው እንዲህ ነው። በአማርኛ ፎነቲክ ግቤት «ሰላም» እጽፋለሁ፤ ባዶ ቦታ ሳልመታ በአቋራጩ አስቀምጣለሁ፤ ዘግቼ እከፍታለሁ። ቀጥሎ ያንኑ በማውስ፣ በአዝራሩ አደርገዋለሁ፤ አንዱ ሠርቶ ሌላው ላይሠራ ይችላልና። ከዚያ ካፕስ ሎክ አበራለሁ። ከዚያ አቀማመጡን ወደ አማርኛ ለውጬ እቀዳለሁ፣ እለጥፋለሁ። በመጨረሻ የአቋራጮቹን ፋይል ከፍቼ አንዱን እለውጣለሁ። ፋይሉ ከሌለ የት እንዳለ እጠይቃችኋለሁ።

ጊዜዬ አልቋል። በዌይላንድ ላይ ቅደም ተከተሉ እንዴት እንደሚለወጥ የጠየቀኝ ተማሪ ስለነበረ፣ ውይይቱን ከእሱ ጥያቄ እንጀምር።